እጣ ያስቀድም እንጂ ተራ አይንጠቅ

ዛሬ ልጆች ያሉበት ቤት ሁሉ የሚያውቀውን ጥያቄ ላንሳ። ሁለት ልጆች እኩል ሆነው የሚሰጣቸው ነገር ግን አንድ ብቻ ሲሆን በምን እንለያቸዋለን? ዳቦ ቢሆን ይቆረሳል። የማይቆረስ ነገር ግን አለ። የአንድ ሰው ጫማ መግዣ፣ አክስት ቤት ያለች አንዲት መደብ፣ ለአንድ ብቻ የሚበቃ የትምህርት ቤት ወጪ። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ሳንቲም አውጥተን «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» እንላለን፣ ወይም እንጨት ሰብረን እጣ እንጥላለን። እጣ አያዳላም፤ ስለዚህ ነገሩ በዚያው ያለቀ ይመስላል። በእርግጥ ያልቃል ወይ? መልሱን ከኳስ ሜዳ ብጀምረው ይቀላል።

እዚህ ሰቆጣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱት ሰዓት ይዘው አይደለም። ፍየሉ እስኪገባ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ነው። ሲመሽና ውጤቱ እኩል ለእኩል ሲሆን ከመካከላቸው ተለቅ ያለው «ቀድሞ ያገባ አሸነፈ!» ይላል። ማንም አይከራከርም። ኳሷ ሜዳው መሃል ናት፤ የፈጠነ ይደርስባታል፣ የበረታ ይነጥቃታል። ሁለቱም ወገን በእጁ ባይኖራት እንኳ በዓይኑ ሥር ናት። «ቀድሞ ያገባ» የሚለው ሕግ እንዲህ ባለ ጨዋታ ላይ ማንንም አይበድልም።

አንድ ቀን ግን ይኸው ሕግ ሌላ አገር ሄዶ እንዴት እንደሚበድል ሰማሁ። ልጄ የምትኖረው አሜሪካ ነው። በጥር 2014 ዓ.ም. ስትደውልልኝ ልጇ ስልኩን ነጥቆ «አያቴ፣ ኳሱን ሳንነካው ተሸነፍን!» አለኝ። ኳስ ሳይነኩ መሸነፍ እንዴት ያለ ነገር ነው ብዬ ጠየቅሁት። በተሰባበረ አማርኛው፣ እናቱ እየረዳችው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኝ። እኔም ከዚያ በኋላ ነገሩን ስከታተል ቆየሁ። የልጅ ልጆቻችሁ በዚያ አገር ላሉ አያቶችም ይጠቅማል ብዬ ባጭሩ ልንገራችሁ።

የአሜሪካ እግር ኳስ በስሙ እግር ኳስ ይሁን እንጂ አብዛኛው ጨዋታ በእጅ ነው። ኳሷ ሞላላ ናት። በየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል። ከእኛው ኳስ ዋናው ልዩነቱ ግን ጨዋታው በተራ መሆኑ ነው። አንዱ ቡድን ኳሱን ይዞ ያጠቃል፤ ሌላው ይከላከላል። ለአጥቂው አራት ሙከራ ይሰጠዋል። በአራቱ ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ፣ ወደፊት ከገፋ አዲስ አራት ሙከራ ያገኛል። ካልገፋ ኳሱን ለሌላው ይለቃል። ኳሱን ይዞ የተቃራኒውን የመጨረሻ መስመር ያለፈ «ተችዳውን» አገባ ይባልና 6 ነጥብ ያገኛል። ኳሱን በእግሩ መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ያሳለፈ ደግሞ 3 ነጥብ ያገኛል። መደበኛው ጨዋታ 60 ደቂቃ ነው።

ታዲያ 60ው ደቂቃ አልቆ እኩል ከሆኑስ? ኤንኤፍኤል የሚባለው ትልቁ የአገሪቱ ሊግ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወቅቱ ተራ ጨዋታዎች ላይ የተከተለው ሕግ የሰቆጣ ልጆች ሕግ ነበር። ጭማሪ ሰዓት ይሰጣል፣ ሳንቲም ይጣላል፣ ቀድሞ ነጥብ ያስቆጠረ ያሸንፋል። ችግሩ የት እንዳለ አያችሁ? ኳሱ መሃል ሜዳ የተቀመጠ አይደለም። ሳንቲሙ የወጣለት ቡድን ኳሱን ይዞ ይጀምራል። ሄዶ ሄዶ 3 ነጥብ ካስቆጠረ ጨዋታው አለቀ፤ ሌላው አንድ ጊዜም ሳያጠቃ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ቅሬታ ሲበዛ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ለጥሎ ማለፍ፣ በ2012 ደግሞ ለተራ ጨዋታዎች ሕጉ ግማሽ መንገድ ተሻሻለ። የመጀመሪያው ቡድን ያስቆጠረው 3 ነጥብ ብቻ ከሆነ ለሁለተኛው ተራ ይሰጠዋል፤ ተችዳውን ካገባ ግን ያው እንደ ድሮው ያበቃል ተባለ።

የልጅ ልጄን ያስለቀሰው ያ ግማሽ መንገድ ነበር። ጥር 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ካንሳስ ሲቲ ቺፍስና ቡፋሎ ቢልስ በመደበኛው ሰዓት 36 ለ 36 ተለያዩ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ብቻ ሁለቱ ቡድኖች 25 ነጥብ አስቆጥረዋል። የቆመ የሚቆም፣ የደከመ የሚደክም አልነበረም። ከዚያ ሳንቲም ተጣለ፤ ለካንሳስ ሲቲ ወጣ። ኳሱን ይዘው ሄዱና ተችዳውን አገቡ፤ 42 ለ 36። ሲያስቆጥር ያመሸው የቡፋሎ መሪ ተጫዋች ጆሽ አለን ጭማሪው ሰዓት ሲያልቅ ከሜዳው ዳር ቆሞ ነበር። ኳሱን አልነካም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ሌላ ታሪክ አለ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በጥር 2011 ዓ.ም.፣ ይኸው የካንሳስ ሲቲ ቡድን በገዛ ሜዳው በዚያው መንገድ ተሸንፎ ነበር። ሳንቲሙ ለኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ወጣ፤ እነሱም በመጀመሪያው ተራቸው ተችዳውን አግብተው 37 ለ 31 አሸነፉ። ካንሳስ ሲቲ ያን ጊዜ «ሁለታችንም ተራ ይድረሰን» ብሎ የሕግ ማሻሻያ ሐሳብ አቀረበ፤ ሐሳቡ ግን ሳይጸድቅ ቀረ። ትናንት የተበደለበት ሕግ ዛሬ አስደሰተው ማለት ነው። ተራ የሚነጥቅ ሕግ እንዲህ ነው፤ ዛሬ ለእኔ ቢመስልም ነገ በእኔው ላይ ይዞራል።

ከቡፋሎ ሽንፈት ሁለት ወር በኋላ ሊጉ ሕጉን ለወጠ። በጥሎ ማለፍ ጨዋታ የመጀመሪያው ቡድን ተችዳውን ቢያገባም እንኳ ሁለተኛው ኳሱን ይዞ የማጥቃት ዕድል ይሰጠዋል። ከሁለቱም ተራ በኋላ እኩል ከሆኑ ያን ጊዜ ቀድሞ ያስቆጠረ ያሸንፋል። በ2025 እ.ኤ.አ. ይህ ለተራ ጨዋታዎችም ተፈቀደ። ሳንቲሙ አልቀረም፤ ዛሬም ይጣላል። ሥራው ግን ተቀይሯል። ማን እንደሚቀድም ይወስናል፤ ማን ተራ እንደማያገኝ ግን አይወስንም።

እኛ ይህን ፍርድ ከአሜሪካ ልንማር አያስፈልገንም፤ በገዛ አገራችን አይተነዋል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ስታዲየም የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። ኢትዮጵያ የተሰለፈችው ያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ከነበረችው ከግብፅ ጋር ነው። ግብፅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች ወስዳለች፤ በሁለቱም ውድድሮች እኛን 4 ለ 0 አሸንፋናለች። አያቶች የሆናችሁ አንባቢዎቼ ሬዲዮ ከበው የሰሙትን ሰዎች ታስታውሱ ይሆናል። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ የእኛዎቹ ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ። ሁለተኛውን የአቻነት ግብ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ 6 ደቂቃ ሲቀረው ያገባው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። 90ው ደቂቃ 2 ለ 2 አለቀ።

ከዚያ የ30 ደቂቃ ጭማሪ ተሰጠ፤ በየ15 ደቂቃው ሜዳ መለዋወጥ አለ። በ101ኛው ደቂቃ የአምበሉ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ አገባና 3 ለ 2 ሆነ። የሰቆጣ ልጆች ሕግ ቢሆን ኖሮ ጨዋታው እዚያ ላይ ባበቃ። አላበቃም። ግብፆች ገና 19 ደቂቃ ነበራቸው። ሠሩባት፣ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን ጨመረ። በይድነቃቸው ተሰማ የሠለጠነው ቡድን ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ያ ድል ከ60 ዓመት በላይ ሲወራ «ተራችንን ነጠቃችሁን» የሚል ግብፃዊ አልሰማሁም። የተሸነፉት ዕድላቸውን ሁሉ ተጠቅመው ነው።

የዓለም እግር ኳስም በኋላ ዘመን «ወርቃማ ጎል» ብሎ በጭማሪ ሰዓት ቀድሞ ያገባ ያሸንፋል የሚለውን ሕግ ሞክሮት ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ በ2004 ተወው። ከዚያ ቀደም ብሎም የባሰ ነበር። በ1968 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ጣሊያንና ሶቪየት ኅብረት 120 ደቂቃ ተጫውተው ያለ ግብ ስለተለያዩ ጣሊያን ለፍጻሜ ያለፈችው በሳንቲም ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ፍጹም ቅጣት ምት በሕግ ገባ። እሱም ሰው ያስለቅሳል፤ ግን አምስት እኔ፣ አምስት አንተ ነው። ኢትዮጵያም በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ የወሰደችው በዚሁ በፍጹም ቅጣት ምት ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ወላጆች የሆናችሁ ይህኛውን በዓይናችሁ አይታችሁታል። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸነፈች። በመጀመሪያው ጨዋታ በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፋ ስለነበር ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ። ሕጉ ግን አስቀድሞ ተጽፏል፤ እኩል ከሆኑ በሰው ሜዳ ብዙ ያገባ ያልፋል። እኛ በሰው ሜዳ ሦስት፣ እነሱ ምንም። በተሸነፍንበት ቀን ያገባናቸው ሦስት ግቦች ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አበቁን። ሱዳኖች አዘኑ፤ ግን ሕጉን ከመጀመሪያው ያውቁት ነበር።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላሉ። ሰው የሚያሳዝነው ማጣቱ ብቻ አይደለም፤ ቃሉ ሳይሰማ፣ ተራው ሳይደርስ ማጣቱ ነው። ልጆች ደግሞ ይህን ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉ። ያጡትን ከረሜላ ይረሳሉ፤ ያልደረሳቸውን ተራ ግን አድገውም ያነሱታል።

አሁን ከሜዳ ወደ ቤት እንግባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሻደይ አልፎ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ ከሰቆጣ ራቅ ካለ ቀበሌ አንድ አባት ለሽምግልና ጠራን። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አሉት። እሷ በዕድሜ ታንሳለች፤ በትምህርት ግን ደርሳበት ሁለቱም 8ኛ ክፍልን አብረው አልፈዋል። ከዚያ በላይ ለመማር ከተማ ገብቶ ቤት መከራየት አለ። የአገራችን ልጅ እንዴት እንደሚማር ታውቃላችሁ፤ በየሳምንቱ ስንቅ ተሸክሞ፣ ሦስትና አራት ሆኖ አንድ ክፍል ውስጥ እያደረ ነው። አባትየው ዓመቱ ስላልሰጠለት አንዱን እንጂ ሁለቱን አልችልም አለ። ፍየሎቹንም የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። «ሁለቱም ልጆቼ ናቸው፤ ላዳላ አልፈልግም፤ በፊታችሁ እጣ ልጣል» አለን። ቅን ሰው ነው። ሽማግሌዎቹም ደግ አሰብህ አልነው።

ዳር ቁጭ ብላ ቡና የምታፈላው እናት ግን ጀበናዋን አስቀምጣ ተናገረች። «እጣው እኩል አይደለም» አለች። «እሱ ቢቀር ከርሞ ይሄዳል። እሷ ብትቀር ከርሞ የሰው ሚስት ናት።»

ቤቱ ጸጥ አለ። እውነቷን ነበር። የሚወጣው እንጨት አያዳላም፤ እሱ ላይ ችግር የለም። የሚያዳላው ከእጣው በኋላ የሚመጣው ነው። ወንድ ልጁ ቢሸነፍ የሚያጣው አንድ ዓመት ነው። ሴት ልጇ ብትሸነፍ የምታጣው ትምህርቷን ነው። የልጅ ልጄ በስልክ የነገረኝ ያ ሳንቲም ይኸው ነው፤ ለአንዱ መቅደም፣ ለሌላው ጨርሶ መቅረት።

ሽምግልናው ያን ዕለት ረዘመ። በመጨረሻ የተወሰነው እጣው እንዲጣል ነው፤ ግን ከመጣሉ በፊት ሁለት ነገር እንዲታሰር። አንደኛ፣ የቀረው ልጅ በሚቀጥለው መስከረም ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ታናሽ ወንድማቸው ለፍየል ጥበቃ ይደርሳል፤ የሁለቱ ማደሪያም አንድ ክፍል ይሆናል። ሁለተኛ፣ እሷ ብትቀር በዚያ ዓመት የመጣ ሽማግሌ ሁሉ ባዶ እጁን ይመለሳል። የቤተሰብ ሕጉም ከ18 ዓመት በፊት ጋብቻ አይፈቅድም፤ እኛ ያሰርነው ሕጉ ያለውን ነው። አባትየው በፊታችን ቃል ገባ። ልጆቹም ተጠርተው ሁሉም ነገር ተነገራቸው። ከዚያ እጣው ተጣለ፤ ለወንዱ ወጣ።

ልጅቱ ያን ዓመት ፍየል ጠበቀች። በጥር፣ የሠርጉ ወቅት ሲደርስ፣ እንደተባለውም ሽማግሌ መጣ። አባትየው «ቃል አለብኝ፤ ተራዋ ገና ነው» ብሎ መለሳቸው። ቀላል አልነበረም፤ የመጡት ሰዎች ዘመድም ነበሩ። እናትየው ደግሞ ቃሉን በየወሩ ታስታውሰው ነበር ይባላል። በመስከረም ልጅቱ ስንቋን ይዛ ከተማ ገባች። አንድ ዓመት ከወንድሟ ወደኋላ ናት፤ ይህ አይካድም። ግን ተማሪ ናት።

ከዚህ ሁሉ ለየቤታችን የሚሆን ነገር ልውሰድ። እጣ ከመጣላችሁ በፊት «የተሸነፈው ምን ይቀርለታል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ምንም» ከሆነ እጣው ገና አልደረሰም፤ መጀመሪያ የሁለተኛውን ተራ ፈልጉ። ተራውም «አንድ ቀን» አይሁን፤ ቀንና ወር ይኑረው፤ ምስክር ይኑረው። ልጅ «በኋላ ይደርስሃል» የሚለውን ቃል የሚያምነው አንድ ጊዜ ደርሶት ካየ ነው።

ሕጉንም ለልጆቹ ከጨዋታው በፊት ንገሯቸው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የአሜሪካው ታላቅ ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውል፣ ላስ ቬጋስ ላይ በአዲሱ ሕግ በጭማሪ ሰዓት ተወሰነ። ሳን ፍራንሲስኮ ሳንቲሙ ወጣለትና ኳሱን ቀድሞ ያዘ፤ 3 ነጥብ አገኘ። ካንሳስ ሲቲ በተራው ተችዳውን አግብቶ 25 ለ 22 አሸነፈ። ከጨዋታው በኋላ ከተሸናፊዎቹ ተጫዋቾች አንዳንዶቹ አዲሱን ሕግ እንዳላወቁት ተናገሩ። ትክክለኛ ሕግ እንኳ ያልተነገረው ሰው ላይ ሲደርስ ያስከፋል። ትልቁ ልጅ የሚያውቀውን የቤት ሕግ ትንሹም ይወቀው።

ደግሞ ሁሉም እኩልነት መፈታት የለበትም። በዚያው የአሜሪካ ሊግ በተራ ጨዋታ የ10 ደቂቃው ጭማሪ አልቆ እኩል ከሆኑ እኩል ተብለው ይለያያሉ። የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ከሆነ ብቻ ነው እስኪለይ የሚቀጥለው። ቤታችን ውስጥ አብዛኛው ነገር ተራ ጨዋታ ነው። ከሁለቱ ማን ይበልጥ ጎበዝ ነው፣ ማን ይበልጥ ይወደኛል፣ ማን አባቱን ይመስላል እያልን ልጆችን የምናሰልፍበት ሁሉ አሸናፊ የማያስፈልገው ነው። እኩል ብለን እንለፈው። እጣንና ዳኝነትን በእርግጥ አንድ ነገር ብቻ ላለበት ቀን እናስቀምጠው።

በዚህ ሳምንት በየቤታችሁ ተራ የሚጠብቅ ልጅ ካለ ቀኑን ንገሩት።